የተርኪ አደን በሕዝብ መሬትና በግል መሬት፦ ከወረቀቱ እስከ ፍሪዘሩ

ኤፕሪል ሲቃረብ ስልኬ ላይ አንድ ጥያቄ ይደጋገማል። «ያ ተርኪ የሚባለው ትልቅ የጫካ ወፍ የት ነው የሚታደነው? የሰው መሬት ረግጠን ጣጣ አይመጣብንም?» ከሚጠይቁኝ ብዙዎቹ አገር ቤት ቆቅና ጅግራ ሲያባርሩ ያደጉ ናቸው። ጫካ አያስፈራቸውም። የሚያስፈራቸው አጥር ነው።

ልክም ናቸው። አሜሪካ ውስጥ ከወፉ በፊት መሬቱ የማን እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። አደኑ ራሱ በዚያ ይለያያል። በሕዝብ መሬት ላይ ትልቁ ሥራ ከሰው መራቅ ነው። በግል መሬት ላይ ትልቁ ሥራ ሰው መቅረብ ነው። ይህ እስኪገባኝ ድረስ ሁለት ወቅት ሙሉ ባዶ እጄን ተመልሻለሁ። እናንተ እንዳትደግሙት ብዬ ነው ደረጃ በደረጃ የምጽፈው።

የምኖረው ሰሜን ቨርጂኒያ ስለሆነ ሕጉን የምናገረው በቨርጂኒያ ነው። ሌላ ስቴት ያላችሁ አካሄዱን ውሰዱ። ሕጉን ግን ከራሳችሁ ስቴት የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት የዓመቱን መመሪያ አውርዳችሁ አንብቡ። ቨርጂኒያ ያላችሁም ቢሆን አንብቡት፤ ቀንና ሰዓት በየዓመቱ ይነካካል።

አንደኛ፦ ወረቀታችሁን ጨርሱ

መጀመሪያ የኢሚግሬሽን ሁኔታችሁን እዩ። ዜጋ ወይም ግሪን ካርድ ያለው ሰው፣ ሌላ የሚከለክለው ነገር ከሌለ፣ የአደን መሣሪያ ገዝቶ መያዝ ይችላል። በጊዜያዊ ቪዛ ያለ ሰው በፌዴራል ሕግ በመሠረቱ ተከልክሏል። የአደን ላይሰንስ ላለው ሰው የተተወ ልዩ ቀዳዳ አለ፤ በእሱ ከመተማመናችሁ በፊት ግን ጠበቃ አነጋግሩ። ወረቀት የሌለው ወንድማችን ጠመንጃ በእጁ እንዳይነካ። ለአንድ ወፍ ተብሎ ኑሮ አይበላሽም።

የሰው ድንበር ጥሶ ማደንም እንደዚያው ነው። በቨርጂኒያ «አትግቡ» የሚል ምልክት ባይኖር እንኳን ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ማደን በወንጀል ያስጠይቃል። የዜግነት ማመልከቻ ሞልታችሁ ከሆነ ታስራችሁ ወይም ተከሳችሁ ታውቁ እንደሆነ የሚጠይቀውን ክፍል ታስታውሳላችሁ። ስለዚህ ድንበር ስል ቀልድ አይደለም።

ቀጥሎ የአዳኞች ትምህርት አለ። 12 ዓመት የሞላው ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ላይሰንስ ሲገዛ ይጠየቃል። በኦንላይን መውሰድ ይቻላል። እኔ ግን በአካል ውሰዱት እላለሁ። አስተማሪዎቹ ብዙዎቹ የረጅም ጊዜ አዳኞች ናቸው፤ በእረፍት ሰዓት ቡና ይዛችሁ የምትጠይቋቸው ነገር ከትምህርቱ ይበልጣል። የምስክር ወረቀቱ በሌሎች ስቴቶችም ያገለግላል።

ከዚያ ላይሰንሱ። ለቨርጂኒያ ነዋሪ መሠረታዊው የአደን ላይሰንስ 23 ዶላር ነው። የአጋዘንና የተርኪው ተጨማሪ 23 ዶላር። ናሽናል ፎረስት ውስጥ ለማደን ደግሞ 4 ዶላር። በድምሩ 50 ዶላር። አንድ ቤተሰብ ምግብ ቤት ገብቶ ከሚከፍለው ያነሰ ነው።

በፀደይ የሚታደነው ጢም ያለው ተርኪ ብቻ ነው። ጢሙ ከደረቱ ላይ የሚንጠለጠለው የፈረስ ጭራ የመሰለ ነገር ነው። በቀን አንድ፣ በላይሰንሱ ዓመት ሦስት። ወቅቱ ብዙውን ጊዜ ከኤፕሪል ሁለተኛው ቅዳሜ ጀምሮ አምስት ሳምንት ይቆያል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አደኑ ፀሐይ ከመውጣቷ ግማሽ ሰዓት በፊት ተጀምሮ እኩለ ቀን ላይ ያበቃል። በመጨረሻዎቹ ሁለት ሳምንታት ገደማ እስከ ማታ ይፈቀዳል። የእኩለ ቀኑ ገደብ እንቁላል ላይ የምትተኛዋን እንስት ከመረበሽ ለመጠበቅ ነው።

ሁለተኛ፦ ካርታ አንብቡ

የምሰማው ትልቁ ስህተት ናሽናል ፓርክና ናሽናል ፎረስትን አንድ ማድረግ ነው። ሸናንዶዋ ናሽናል ፓርክ ስትሄዱ ስካይላይን ድራይቭ በሚባለው መንገድ ዳር ተርኪዎች ሲንጎራደዱ ታያላችሁ። እዚያ አደን ክልክል ነው። ዝም ብላችሁ ፎቶ አንሡ። ጆርጅ ዋሽንግተንና ጄፈርሰን ናሽናል ፎረስት ግን ሌላ ነገር ነው። ቨርጂኒያን፣ ዌስት ቨርጂኒያንና ኬንታኪን የነካ፣ ወደ 1.8 ሚሊዮን ኤከር የሚሆን ጫካ ነው። በዚያች 4 ዶላር ትገቡበታላችሁ።

ለዲሲ አካባቢ ሰው የሚቀርበው ደግሞ ስቴቱ የሚያስተዳድራቸው የዱር እንስሳት ክልሎች ናቸው። ፎኪየርና ከልፔፐር ካውንቲ ላይ፣ ራፓሃኖክ ወንዝ ዳር ያለው ፌልፕስ አንዱ ነው። ብሉ ሪጅ ተራራ ተዳፋት ላይ ያለው ቶምፕሰን ሌላው ነው። ቶምፕሰን በኤፕሪል መጨረሻና በሜይ መጀመሪያ ትሪሊየም በሚባል ባለ ሦስት ቅጠል አበባ ይሞላል። መሬቱ ነጭና ሮዝ ይለብሳል። ሲያምር ጉድ ነው፤ ግን አበባ የሚያይ ሰው፣ አፓላቺያን የሚባለው ረጅም የእግር መንገድ ተጓዥና አዳኝ አንድ ላይ ይሆናሉ። እዚያ ስትገቡ ይህን አስቡ።

ስልካችሁ ላይ የመሬት ድንበር የሚያሳይ አፕ ጫኑ። ብዙ አዳኝ ኦንኤክስ የሚባለውን ይጠቀማል። የባለቤቱን ስም ሳይቀር ያወጣል። የካውንቲው የግብር ካርታም በነፃ ኦንላይን ይገኛል። ጫካ ውስጥ ኔትወርክ ስለማይኖር ካርታውን ቤት ሆናችሁ አውርዱት። ዛፍ ላይ የተቀባ ቁም ሐምራዊ መስመር ካያችሁ ቁሙ። ቨርጂኒያን ጨምሮ በብዙ ስቴቶች «መግባት ክልክል ነው» ማለት ነው፤ ምንም ጽሑፍ አያስፈልገውም።

ዳላስ ያላችሁ የእናንተ ነገር ይለያል። ቴክሳስ ውስጥ ወደ 95 ከመቶ የሚሆነው መሬት የግል ነው። ብዙ ሰው መሬት ተከራይቶ ነው የሚያድነው። ሆኖም ስቴቱ በ48 ዶላር የሚሸጠው የሕዝብ አደን ፈቃድ አለ፤ ወደ አንድ ሚሊዮን ኤከር ይከፍትላችኋል። ዴንቨር ያላችሁ በተቃራኒው እድለኞች ናችሁ። ከኮሎራዶ መሬት ከሲሶ በላይ የሚሆነው የፌዴራል ነው።

ሦስተኛ፦ ለግል መሬት ደጅ ጥኑ

ይህን ክፍል በደንብ አንብቡት። ብዙ ሰው የግል መሬት የሚፈቀድለት ዘመድ ወይም ገንዘብ ያለው ብቻ ይመስለዋል። እኔም ይመስለኝ ነበር። መንገዱ ግን እጃችን ላይ ነበር።

እኛ ለፋሲካ፣ ለመስቀል፣ ለአረፋ በግና ፍየል የምንገዛው ከማን ነው? ከገበሬ። ሰውዬው ያውቃችኋል። በየበዓሉ ትመጣላችሁ፣ በጥሬ ገንዘብ ትከፍላላችሁ፣ ስለ ልጆቹ ትጠይቁታላችሁ። እኔ የመጀመሪያውን ፈቃድ ያገኘሁት በግ ከምገዛበት ሽማግሌ ገበሬ ነው። ሦስት ዓመት ከእሱ ገዝቻለሁ። ተርኪ እንደማድን ሲሰማ ራሱ ነው «ጠዋት ጠዋት ከወንዙ ዳር ይጮሃሉ፣ ለምን አትመጣም?» ያለኝ። አልሰጥም ቢለኝ እንኳን ከማያውቁት ሰው በር ከማንኳኳት ይቀላል።

እንደዚህ ያለ ሰው ከሌላችሁ ግን በር ማንኳኳት ነው። እንዲህ አድርጉ።

ከጃንዋሪ እስከ ማርች ሂዱ። በኤፕሪል የሚመጣ ጠያቂ ብዙ ነው። ቅዳሜ ረፋድ ላይ ይሁን። ሲመሽ፣ ምሳ ሰዓት ላይ፣ እሑድ ጠዋት አይሆንም። የአደን ልብስ ለብሳችሁ አትሂዱ። አራት ሆናችሁም አትሂዱ፤ አንድ ሰው፣ ቢበዛ ሁለት። መኪናችሁን በሩን እንዳይዘጋ አቁሙ። አንኳኩታችሁ ሁለት ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ ተመለሱ። እጃችሁ ይታይ። ውሻው ቢጮህ አትደንግጡ፣ አትሩጡም።

ከዚያ ቀጥታ ተናገሩ። ስሜ እገሌ ነው፣ የምኖረው እዚህ ከተማ ነው፣ የምሠራው ይህን ነው። በፀደይ ወቅት ተርኪ ማደን እወዳለሁ። ብቻዬን ነው የምመጣው፣ በእግሬ፣ በሾትገን። ከመምጣቴ በፊት ማታ እደውላለሁ። ቢፈቅዱልኝ ደስ ይለኛል፤ ባይሆንም ስላነጋገሩኝ አመሰግናለሁ። በቃ። አታስረዝሙት። ስልካችሁንና የመኪናችሁን ታርጋ የጻፋችሁበትን ትንሽ ወረቀት ስጡ። ይህች ወረቀት ትልቅ ሥራ ትሠራለች። ገበሬው ጎህ ሲቀድ መሬቱ ላይ የማያውቀው መኪና ሲያይ የማን እንደሆነ ያውቃል።

አንዳንዱ ባለመሬት «ወድቀህ ብትሰበር ትከሰኛለህ» ብሎ ይፈራል። ቨርጂኒያ ውስጥ ያለ ክፍያ ለአደን ሰው የሚያስገባን ባለመሬት ከእንደዚህ ያለ ክስ የሚጠብቅ ሕግ አለ። በትሕትና ጥቀሱለት። ግን አትከራከሩ።

እሺ ካለ በጽሑፍ ያዙ። የስቴቱ መሥሪያ ቤት ለዚህ ያዘጋጀው የፈቃድ ቅጽ አለ፤ አትማችሁ ሂዱ። ሲፈርምላችሁ እነዚህን ጠይቁ፦ መኪና የት ላቁም? ሌላ ማን ያድናል? ከብቶቹ የት ናቸው? ከቤቱ ምን ያህል ልራቅ? ድንበሩ የት ያበቃል? ጎረቤት ካስቸገረ ለማን ልደውል?

የከብት በር ነገር አለ፣ እሱን ከራሴ ልንገራችሁ። በመጀመሪያው ወቅት ክፍት ያገኘሁትን በር ደግ ሥራ የሠራሁ መስሎኝ ዘጋሁት። ላሞቹ ውሃ የሚጠጡት በዚያ በኩል ነበር። ሽማግሌው ከሰዓት ላይ ደወለልኝ። አልተቆጣም፤ ድምፁ ግን ከወትሮው ቀዝቀዝ ብሎ ነበር። ይቅርታ ጠየቅኩ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሄጄ ግማሽ ቀን አጥር ሲጠግን አገዝኩት። ክፍት ያገኛችሁትን ክፍት ተዉት፣ ዝግ ያገኛችሁትን ዝጉት። የግል መሬት ሕጉ ይህ ነው።

እምቢ ካለ አመስግናችሁ ሂዱ። የሚቀጥለው ዓመት አለ።

አራተኛ፦ ወፉ የት እንደሚያድር እወቁ

ተርኪ ሌሊት ዛፍ ላይ ነው የሚያድረው። ጠዋት ከመውረዱ በፊት አውራው ይጮሃል። ፈረንጆቹ ጎብል የሚሉት ነው። ጸጥ ባለ ጠዋት ከሩቅ ይሰማል። ወቅቱ ከመከፈቱ ሁለት ሳምንት አስቀድማችሁ ጎህ ሲቀድ ሄዳችሁ አዳምጡ።

ምልክቱንም ፈልጉ። የደረቀ ቅጠል በሰፊው ተጭሮ ካገኛችሁ ተርኪ ነው፤ ዶሮ ጓሮ ስትጭር የምታደርገው ነው፣ ብቻ ሰፋ ይላል። የአውራው ኩስ ረዘም ብሎ ጫፉ እንደ ከዘራ ይታጠፋል። የእንስቷ ክብ ጥቅልል ነው። አፈር የታጠቡበት ጎድጓዳ፣ የወደቀ ላባ፣ ጭቃ ላይ የቀረ ባለ ሦስት ጣት ዱካ፣ ሁሉም ይናገራል።

በሕዝብ መሬት ላይ በቅኝት ጊዜ መጥሪያ፣ ማለትም የተርኪ ድምፅ የሚያሰማ ዕቃ፣ አትንፉ። አዳምጡ ብቻ። ከወቅቱ በፊት ሰው በሐሰት ድምፅ ደጋግሞ ያታለለው ወፍ፣ ወቅቱ ሲከፈት አፉን ይዘጋል። ቆቅ የሚለውን ስም ለንቁ ሰው የሰጠነው በከንቱ አይደለም፤ ተርኪ ግን ቆቅን ያስንቃል። አንድ ቦታ ሳይሆን ሦስት ቦታ አጥኑ። ከመኪና ማቆሚያው ቢያንስ አንድ ማይል የሚርቅ ይሁን፤ መሃሉ ላይ ዳገት ወይም ወንዝ ቢኖር ይመረጣል። አብዛኛው ሰው እዚያ አይደርስም።

በግል መሬት ላይ ደግሞ ብዙ አትርገጡ። ከመንገድ ዳር ሆናችሁ በርቀት መነጽር እዩ። ማንም ካልረበሸው ወፉ ሰዓት ጠብቆ ይመጣል። የትኛው የሜዳ ጥግ ላይ ላባውን ነፍቶ እንደሚንጎራደድ ጻፉ። ሁለት ሦስት ቀን በተመሳሳይ ሰዓት ካያችሁት አደኑ ግማሹ አልቋል።

አምስተኛ፦ ዕቃ

ብዙ አያስፈልግም። 12 ወይም 20 ጌጅ ሾትገን፣ ማለትም ጥቃቅን እርሳስ የሚበትን ጠመንጃ፣ ይበቃል፤ ጌጅ የአፈሙዙ ስፋት መለኪያ ነው። ቁጥር 4፣ 5 ወይም 6 ጥይት ይዛችሁ ተኩስ መለማመጃ ቦታ ሂዱ። በ20፣ በ30ና በ40 ያርድ (ያርድ ከሜትር ትንሽ ያንሳል) ወረቀት ላይ ተኩሱና ጥቃቅኖቹ እርሳሶች እንዴት እንደሚበተኑ እዩ። ወረቀቱ ላይ የሣላችሁት የወፍ አንገት በደንብ ካልተመታ ያ ርቀት የእናንተ አይደለም።

ጥይት ስትገዙ ከዋጋው ጋር የምትከፍሉት የፌዴራል ቀረጥ አለ። በጥይትና በረጃጅም መሣሪያ ላይ 11 ከመቶ ይከፈላል፤ በ1937 በወጣ ሕግ ገንዘቡ ለዱር እንስሳት ይመለሳል። ተርኪ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ከብዙ ስቴቶች ጠፍቶ ነበር። በዚያ ገንዘብ ባለሙያዎች ከተረፈበት ቦታ በመድፍ በሚወነጨፍ መረብ እየያዙ ወደ ሌላ ጫካ አዛወሩት። አሁን በሚሊዮኖች ነው የሚቆጠረው። ይህን ካወቅኩ ወዲህ ስለ ጥይት ዋጋ ማጉረምረም ትቻለሁ።

ካሞ (ከጫካው ጋር የሚመሳሰል) ልብስ፣ የፊት መሸፈኛና ጓንት ያዙ። ተርኪ ሽታ ብዙም አያውቅም፤ ዓይኑ ግን ክፉ ነው። ቀለም ይለያል። ቀይ፣ ነጭ፣ ሰማያዊና ጥቁር ምንም ነገር፣ ካልሲም ቢሆን፣ አትልበሱ። የአውራው ጭንቅላት ቀይ፣ ነጭና ሰማያዊ ነው፤ አካሉ ጥቁር ይመስላል። ሌላ አዳኝ ወፍ ሊያደርጋችሁ ይችላል።

መጥሪያ ከሳጥኑ ጀምሩ። ከእንጨት የተሠራ ትንሽ ሳጥን ነው፤ ክዳኑን ስታፋትጉት እንደ እንስቷ ይጮሃል። በአንድ ማታ ትለምዱታላችሁ። አፍ ውስጥ የሚገባው ወር ይፈጃል። በኤሌክትሪክ የሚሠራ መጥሪያ ሕገወጥ ነው፤ በቆሎ በትኖ ማባበልም እንዲሁ።

መዥገርን አትርሱ። ሱሪና ጫማችሁን ከቀኑ በፊት ፐርሜትሪን የሚባል የተባይ መድኃኒት ነፍታችሁ አድርቁ፤ ቆዳ ላይ ግን አይነፋም። ላይም ከሚባለው በሽታ ሌላ፣ ጀርባዋ ላይ ነጭ ነጥብ ያላት መዥገር ነክሳው ቀይ ሥጋ የማይስማማው ሰው አለ። ክትፎ ለሚወድ ሰው ይህ ከባድ ነው። ቤት ስትገቡ ከጉልበት ኋላ፣ ከብብትና ከወገብ ፈትሹ።

ስድስተኛ፦ የሕዝብ መሬት ጠዋት

ቅዳሜን ለሌላው ተዉት። ብዙዎቻችን በሽፍት ነው የምንሠራው። ታክሲና ኡበር የሚነዳው፣ ሆስፒታል የሚያድረው፣ እንደ እኔ ከሰዓት የሚገባው፣ ማክሰኞ ጠዋት ነፃ ነው። ቢሮ የሚሠራው ፈረንጅ ይህ የለውም። ማክሰኞና ረቡዕ ጫካው የእናንተ ነው። ከመክፈቻው ሳምንት ይልቅ የመጨረሻዎቹን ሁለት ሳምንታት እመርጣለሁ፤ ሰው ይሳሳል፣ እንስቶቹም እንቁላል ላይ ስለሚተኙ አውራው ብቸኛ ይሆናል።

በኤፕሪል አጋማሽ ፀሐይ የምትወጣው 12:30 ገደማ ነው። ዶሮ ሳይጮህ፣ 11 ሰዓት ላይ መኪና ማቆሚያው ድረሱ። ሌላ መኪና ካለ ወደ ሁለተኛው ቦታችሁ ሂዱ። ለዚህ ነው ሦስት አጥኑ ያልኳችሁ። ቀድሞ የደረሰን ሰው ተከትሎ መግባት ነውርም አደጋም ነው።

በጨለማ ስትራመዱ ብርቱካናማ ኮፍያ አድርጉና መብራት አብሩ። ከትከሻችሁ የሚሰፋ ዛፍ ፈልጋችሁ ተደግፋችሁ ተቀመጡ። ዛፉ ጀርባችሁን ይጋርዳል። አውራው ከቆጡ ላይ ሲጮህ ስትሰሙ ልባችሁ ይመታል፣ ተነሥታችሁ ወደ እሱ መሮጥ ያምራችኋል። 150 ያርድ ያህል ሲቀራችሁ በቃችሁ። ከዚያ ብታልፉ ያያችሁና ይበርራል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው እዚህ ቃል በቃል ይደርሳል።

በሕዝብ መሬት ላይ መጥሪያ ሲያንስ ይሻላል። ሦስት አራት ለስለስ ያለ ድምፅ፣ ከዚያ ዝም። ወፉ ከመለሰ ሳጥኑን አስቀምጡት። የት እንዳላችሁ ያውቃል። 20 ደቂቃ፣ 40 ደቂቃ ጠብቁ። ብዙ ጊዜ ድምፅ ሳያሰማ ይመጣል። ሰው ተስፋ ቆርጦ ሲነሣ ነው 30 ያርድ ላይ የሚበርረው።

የሰማችሁትን ድምፅ ግን ተከትላችሁ አትሹለኩ። ድምፁ የሌላ አዳኝ መጥሪያ ሊሆን ይችላል። ሰው ወደ እናንተ ሲመጣ ካያችሁ እጅ አታወዛውዙ፣ አትነሡ፣ በተርኪ ድምፅ አትጥሩ። ባላችሁበት ቁጭ ብላችሁ ጮክ ብላችሁ «ስቶፕ!» በሉ። አንድ ጊዜ ደርሶብኛል። ከፊቴ ያለው ቁጥቋጦ ሲነቃነቅ መጀመሪያ ያየሁት የጠመንጃ አፈሙዝ ነበር። ጮህኩ። ሰውዬው ጠመንጃውን ወደ መሬት አዙሮ፣ ፊቱ ነጭ ሆኖ ይቅርታ ጠየቀኝ። የዚያን ቀን ሁለታችንም ወደ ቤታችን ተመለስን።

ጎህ ላይ ካልሆነላችሁ ተነሥታችሁ ወደ ቤት አትሂዱ። ከ3 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት ያለው ጊዜ የተናቀ ነው። እንስቲቱ ጠዋት ከአውራው ጋር ቆይታ ረፋድ ላይ ወደ ጎጆዋ ትሄዳለች። እሱ ብቻውን ይቀራል። ጠዋት የናቀውን ድምፅ ያን ጊዜ ይሰማል።

ሰባተኛ፦ የግል መሬት ጠዋት

እዚህ ሰው አያሯሩጣችሁም፤ የሚያስፈልገው ትዕግሥት ነው። ማታውኑ ለባለቤቱ መልእክት ላኩ። ያሳያችሁ ቦታ ላይ አቁሙ። የመኪና በር አታጋጩ።

በቅኝት ካያችሁት የሜዳ ጥግ አጠገብ፣ ጥላ ውስጥ ተቀመጡ። በመካከላችሁ አጥር ወይም ቦይ እንዳይኖር እዩ። ተርኪ መብረር እየቻለ ከሽቦ አጥር ማዶ ቆሞ ይቀራል። አጥሩን አልፋችሁ እሱ ባለበት በኩል ተቀመጡ። የፕላስቲክ እንስት ማታለያ ካላችሁ 20 ያርድ ላይ ትከሉ፤ ሜዳ ላይ በደንብ ይሠራል። በሕዝብ መሬት ላይ ግን ሌላ አዳኝ ሊተኩስበት ስለሚችል እኔ አልተክልም።

ወፉ ጎረቤት መሬት ላይ ከቆመ ጥሩት እንጂ አትሻገሩ። ቆስሎ ቢሻገርም መጀመሪያ ለጎረቤቱ ደውሉ። በአንድ ገበሬ ላይ የሠራችሁት ነገር እስከ ምሽት መላ አካባቢው ይሰማዋል።

እሑድ ማደን በሕዝብ መሬት ላይ የተፈቀደው በ2022 ነው፤ በግል መሬት ላይ ከዚያ ቀደም ብሎ። ከአምልኮ ቦታ 200 ያርድ መራቅ ግዴታ ነው። እኔ እሑድ ቅዳሴ ነኝ፤ ገበሬዎቹም ብዙዎቹ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳሉ። ተፈቀደ ብላችሁ ሳትጠይቁ እሑድ አትድረሱባቸው።

ስምንተኛ፦ ተኩስና ከዚያ በኋላ

ጢሙን ሳታዩ ጣታችሁ ቃታው ላይ አይግባ። ጢሙን፣ ጭንቅላቱን፣ ከኋላው ያለውን፣ በዚህ ቅደም ተከተል አረጋግጡ። 40 ያርድ የመጨረሻው ነው፤ ለጀማሪ 30። ላባውን ነፍቶ ሲንጎራደድ አንገቱን ስለሚሰበስብ አትተኩሱ። ቀጭን ድምፅ ብታሰሙት አንገቱን ያወጣል። የምታነጣጥሩት አንገቱ ከላባው የሚገናኝበት ቦታ ላይ ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች፤ አንድ ትንፋሽ ውሰዱ።

ሲወድቅ ጠመንጃውን ቆልፋችሁ ፈጥናችሁ ድረሱ። ከቦታው ሳታንቀሳቅሱት ላይሰንሳችሁ ላይ ለተርኪ በተመደበው ቦታ ምልክት አድርጉ፣ ከዚያ በስቴቱ አፕ ወይም በስልክ አስመዝግቡ። ይህ በግል መሬትም ግዴታ ነው። ወፉን ትከሻችሁ ላይ አንጠልጥላችሁ አትውጡ፤ በብርቱካናማ ከረጢት ከትቱት።

ከእግሩ ኋላ ያለው ሹል ቀንድ ዕድሜውን ይነግራችኋል። ከግማሽ ኢንች በታች ከሆነ ጎረምሳ ነው። ከአንድ ኢንች ካለፈ ሦስት ዓመትና ከዚያ በላይ የኖረ ነው። በሕዝብ መሬት ላይ እንዲህ ያለውን የጣለ ሰው ቢፎክር አልፈርድበትም።

ዘጠነኛ፦ ፍሪዘር

በሜይ ሙቀት ሥጋ ቶሎ ይበላሻል። እዚያው ሆዱን አውጡና በረዶ ያለበት ሳጥን ውስጥ አስገቡት።

የሃይማኖቱን ጥያቄ ከመሄዳችሁ በፊት ጨርሱ። በቢላ ሳይታረድ በጥይት የወደቀ ወፍ ይበላል አይበላም ብሎ ቤተሰብ ማዕድ ላይ ሲጨቃጨቅ አይቻለሁ። ኦርቶዶክስ የሆናችሁ የንስሐ አባታችሁን፣ ሙስሊም የሆናችሁ ሼኻችሁን ጠይቁ። ጾሙም አለ። በ2024 የቨርጂኒያ ወቅት ኤፕሪል 13 ተከፈተ፣ ፋሲካ ግን ሜይ 5 ነበር የዋለው። ሦስት ሳምንት ሙሉ ያደንኩት ሁሉ ፍሪዘር ገባ። ከረጢቱ ላይ ቀኑን ጻፉ፣ አየሩን በደንብ አስወጡ።

ደረቱ ለጥብስ ይሆናል። ስብ ስለሌለው ቶሎ ይደርቃል፤ ቅቤ አትሰስቱ። እግሩና ታፋው ጠንካራ ነው፣ እንደ አጥንት የጠነከሩ ጅማቶች አሉት። እሱን ለወጥ አድርጉት። ሽንኩርቱ ላይ በዝግታ ሦስት አራት ሰዓት ይብሰል፤ ሥጋው ከአጥንቱ ሲለቅ ጅማቱን ለቅማችሁ አውጡ። እንቁላሉን መጨረሻ ላይ ጨምሩ።

በግል መሬት ካደናችሁ አንዱን ደረት ጠቅልላችሁ መጀመሪያ ለባለቤቱ ውሰዱ። ወፍ ባታገኙም ወቅቱ ሲዘጋ ሄዳችሁ አመስግኑ። እኔ ለሽማግሌው ባለፈው ዓመት ወጡን ከእንጀራ ጋር ወሰድኩለት። ሚስቱ በርበሬው ምን እንደሆነ ጠየቀችኝ፣ እሱ ሁለተኛ እንጀራ ጠየቀኝ። ስወጣ እስከ በሩ ሸኘኝና፣ ወንዙ ዳር ካለው ዋርካ የሚያህል ዛፍ ላይ አሁንም ሁለት አውራ እንደሚያድር ነገረኝ።